ጠብታ የማያስገባ ኮንቴይነር

ባሌ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ፍሳሽ ሲደፍን ኖሮ፣ አሁን አንዲት ውሃ ጠብ ስትል ከሰማ እንቅልፍ የለውም። የሠፈሩ ሰው "ጠብታ" ይለዋል። እሱ ደግሞ ሹመት ይመስለዋል።

የቤታችን ጣሪያ ሊቀየር ሆነና ዕቃውን በሙሉ ግቢያችን ውስጥ ባስቀመጥነው የብረት ኮንቴይነር ልንከተው ተነሳን። ክረምቱ ሊገባ ሳምንት አልቀረውም። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ። ቁምሳጥኑም ሶፋውም ገደል ይግባ፤ የሚያሳስበኝ ልኮቼ ነበሩ። ልክ የምለው ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን የምቆርጥበትን ወረቀት ነው። የሴት፣ የወንድ፣ የቀጭን፣ የወፍራም፣ መቶ አርባ ምናምን ወረቀት፣ ሁሉንም በእጄ የሣልኳቸው። ልክ ከሌለኝ ሥራ የለኝም። ይህን መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

እሱ ምን አደረገ? በዕቃ ማስገቢያው ቀን ምንጣፉን አጠበው! ውሃው ገና እየተንጠባጠበ ጠቅልሎ ተሸክሞ መጣ።

"ይድረቅ እንጂ፣ አንተ ሰው!"

"ዝናብ መጣ እኮ። ውስጥ ይደርቃል።"

ቀጥሎ ከኮንቴይነሩ ላይኛው ጥግ ያሉትን ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች አየና ራሱን ነቀነቀ። መሰላል አቁሞ አንድ በአንድ በሲሊኮን ደፈናቸው። በሲሊኮኑ ላይ ፕላስተር፣ በፕላስተሩ ላይ ላስቲክ። በሩንም ዘግቶ ዙሪያውን በሲሊኮን አሸገው። "አየር እኮ ያስፈልገዋል" ስለው፣ "ዕቃ አይተነፍስም" አለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ!

አምስት ሳምንት ዘነበ። ጠዋት ጠዋት ጃንጥላ ይዞ ኮንቴይነሩን ይዞራል፣ በሩን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ተመልሶ "አንዲት ጠብታ የለም!" ይለኛል። ከፍተን እንየው ስለው፣ ያን ሁሉ ሲሊኮን ለማየት ብቻ ልቀደው ወይ ብሎ ይቆጣል። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ምነው ዝም ባላልኩ!

በስድስተኛው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ጨርቁን ላከልኝ። ያን ቀን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። ሲሊኮኑን በቢላ ቀደደና በሩን ከፈተው። ሽታው ወደ ኋላ መለሰን። ከብረቱ ጣሪያ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ውጭ ፀሐይ፣ ውስጥ ዝናብ!

ባትሪ አብርቶ ጣሪያውን ይፈትሽ ጀመር። "የት ጋ ነው የሚያፈሰው?"

"የትም አያፈስም! የገዛ ምንጣፍህ ነው! የውጩን ውሃ ከለከልክና የውስጡን ተሸክመህ አስገባኸው፤ መውጫውንም ደፈንክበት!"

የልኮቼን ካርቶን ሳነሳው ታቹ መሬት ላይ ቀረ። ወረቀቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሻግተዋል። አንዱን ልገልጥ ብል እጄ ላይ ተበጣጠሰ።

"በሩ ተከፍቶ ይዋል፣ ነፋስ ያስፈልገዋል" አለ ባሌ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የበረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

"ምን ያስለቅስሻል? አንቺው የሣልሻቸው አይደሉ? ደግመሽ ትስያቸዋለሽ።"

"አልችልም።"

"ለምን?"

"መስመሩ አይታየኝም።"

"መነጽርሽን አድርጊያ።"

"መነጽሩም አይረዳኝም! ዓይኔ መሃል መሃሉን አያይም። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። በልኩ ጠርዝ ላይ እጄን አስኬጄ እቆርጣለሁ፣ ዳብሼ እሰፋለሁ። መሣል ግን ካቆምኩ ዓመት ሆነኝ።"

"ዓመት? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ 'ሥራ አቁሚ፣ መንገድ አትሻገሪ፣ እሳት አትንኪ' ልትለኝ! አላውቅህምና ነው?"

ይክዳል ብዬ ስጠብቅ፣ "እላለሁ" አለ ቀስ ብሎ። ተነስቶም ከግቢ ወጣ። ደግሞ እሱ ይቆጣ እንጂ!

ትንሽ ቆይቶ ጥቅል ካኪ ወረቀት ገዝቶ ተመለሰ። በረንዳው ላይ ዘረጋው፣ የብረት ማስመሪያውን አመጣ፣ እየተቃተተ ተንበረከከ።

"ቁጥሩን ንገሪኝ።"

ቁጥሩን ሁሉ በቃሌ ነው የማውቀው። "አንደኛ ክፍል፣ የወንድ ሸሚዝ። ትከሻ ሠላሳ።"

እርሳሱ ሲንቀሳቀስ ሰማሁት። በስንዝሬ ለካሁት፤ ይተርፋል።

"ጨምረሃል!"

"አንድ ሴንቲ ናት። ለመጠባበቂያ።"

"አንተ ሰው፣ በሞቴ፣ ያልኩህን ብቻ ሥራ!"

አጠፋው። ድጋሚ አሰመረ። ከዚያ እርሳሱ ቆመ።

"የኔ ፊትስ ይታይሻል?"

"ፊት ለፊት ካየሁህ የለህም። ወደ ጎን ዞር ስል ነው የምትታየኝ።"

"ይሄን ዓመት ሙሉ ሳዋራሽ ፊትሽን የምታዞሪብኝ..." አለና ማስመሪያውን አስቀመጠ። "አኩርፈሽኝ መስሎኝ ነበር።"

"ላይህ ብዬ ነው" አልኩት። "ያኮረፍኩት ዛሬ ነው። በል አስምር፤ ደረት፣ ሠላሳ ስምንት።"