አማቴ ከዝርዝሩ የወጡ ሰሞን

በየሰኞው ጠዋት ለስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ኢሜይል እልካለሁ። ፍራሽና ትራስ የምንሠራ ቤተሰብ ነን፤ አማቴ ይሰፋሉ፣ ባሌ ጥጡን ይሞላል፣ እኔ ለደንበኞቻችን እጽፋለሁ። ደብዳቤው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ አንሶላ፣ ስለ ትራስ አያያዝ ነው። ባሌ «የኔ ሚስት ሰውን በጽሑፍ ታስተኛለች» እያለ ይቀልድብኛል። እሱ ይሳቅ እንጂ ግማሹ ደንበኛችን የሚመጣው ደብዳቤውን አንብቦ ነው።

ባለፈው ሰኞ ደብዳቤውን ከላክሁ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የተመዝጋቢዎቹ ቁጥር ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሆነ። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፤ ለምጄዋለሁ። ያም ሆኖ ማን እንደወጣ ሳላይ አልቀመጥም፣ ክፉ አመል ነው። ከፍቼ ሳየው አማቴ ናቸው።

አማቴ ማለት እኮ ከግድግዳው ማዶ፣ ስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው የሚያንጎራጉሩት ሴትዮ ናቸው። ምሳ አብረን ነው የምንበላው። በየሰኞው ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ደብዳቤዬን ሲያነቡ በበሩ ክፍተት ሰርቄ አያቸዋለሁ፤ ፈገግ ካሉ ሳምንቱ ይቀናኛል። ጣታቸው ስቶ ይሆናል ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ሄድኩ።

«እማማ፣ ሳያውቁት የሆነ ነገር ነክተው ነው መሰለኝ፣ ከዝርዝሩ ወጥተዋል።»

«አውቄ ነው የወጣሁት» አሉኝ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው። «ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«የጥጥ ትራስ ከነጥጡ ማሽን ውስጥ ይታጠባል ብለሻል።»

«አንድ ቦታ አንብቤ እኮ ነው።»

«አንብበሽ ከሆነ አንብቤ ነው ትያለሽ። አንቺ ግን ‹እኛ ቤት ሞክረነዋል› ነው ያልሽው። ማን ነው የሞከረው? እኔ ነኝ? ድመቷ ናት?»

ኩምሽሽ አልኩ። እውነታቸውን ነው። ጠዋት ቸኩዬ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ገለበጥኩና እንዲያምር ብዬ እነዚያን ሦስት ቃላት ጨመርኩበት።

«ታዲያ መጥተው ቢቆጡኝ አይሻልም ነበር?»

«ሌላው አንባቢሽ መጥቶ ይቆጣሻል? ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። እኔም እንደ ሰው ሄድኩ።» ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺን እወድሻለሁ፣ ልጄ። ደብዳቤሽን ግን አላምነውም።»

ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ምርቃታቸውንም ግልምጫቸውንም ጠግቤያለሁ። እንዲህ ብለውኝ ግን አያውቁም።

ባሌን ባማክረው «ምን ችግር አለው፣ መልሰሽ አስገቢያት» አለኝ። አንዲት ቁልፍ መጫን ነው እርግጥ። ግን ሰው ራሱ ካልተመዘገበ አላስገባም፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠብቄያለሁ፤ ማፍረሱን በእሳቸው ልጀምር?

ማክሰኞ የራሴን ትራስ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ሲወጣ እዚህ ጓል፣ እዚያ ጓል፤ ድንች የሞላበት ከረጢት መሰለ። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ውሎም መሃሉ ሊደርቅ አልቻለም፣ ጭራሽ መሽተት ጀመረ። አማቴ በአጠገቡ ሲያልፉ አዩትና ወደ ስፌታቸው ገቡ።

ሰኞን ብጠብቅ ሌላ ሰው ትራሱን ሊያጥብ ነው። ሐሙስ ጠዋት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰኞ ‹ሞክረነዋል› ያልኳችሁን አልሞከርነውም ነበር፤ ዋሽቻችኋለሁ። አሁን ሞክሬዋለሁ፤ የሆነውን ፎቶው ላይ እዩት። በኔ ምክር ትራሱ የተበላሸበት ሰው ካለ ያምጣልን፤ ጥጡን አፍታተን እንደገና እንሰፋለታለን።» ላክሁት።

እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ሰው ወጣ። እያንዳንዱን ማን እንደሆነ ከፍቼ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሦስት ሰዎች ትራሳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። አንዷ መምህርት ናት፤ «እኔማ ማሽኔ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» ብላ ሳቀችና ደብዳቤዬን ከስልኳ ላይ ለአማቴ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። እኔ ወዴት እንደምገባ ጠፋኝ። አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ ትራሶቹን ተቀበሉ፣ ጥጡን ሲያፍታቱ ዋሉ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሬ አዲስ ሰው መመዝገቡን አሳወቀኝ። ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሟል።

ሲመዘገቡ የምትሞላ አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ስለ እኛ ከማን ሰሙ?» ትላለች። ብዙው ሰው ባዶዋን ይተዋታል። አማቴ የዛሬ ሁለት ዓመት ሲመዘገቡ «እዚሁ ነኝ» ብለው ሞልተዋት ሆዳችንን ይዘን ስቀን ነበር። አሁን ግን እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦

«ከምራቴ። ስታጠፋ አትደብቅም።»