ዊጉ የወለቀበት ዝላይ

"አክስቴ፣ ከዛሬ በኋላ ይሄን ፊልም አላሳየውም፤ አልቆለታል" አለኝ ኩዋይ፣ ጥቅሉን እያሸተተ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ፊልም ሲበሰብስ እንደዚያ ነው። "ዊጉ የሚወልቅባት ቦታ ላይ ሁለቴ ተበጥሶ ቀጥዬዋለሁ። ፊቱ ይትረፍ አይትረፍ እኔ እንጃ።"

"አንተ ብቻ ቀስ በል!" አልኩት።

ኩዋይ ዘመዴ አይደለም፤ አሮጊት ሁሉ ለሱ አክስት ናት። እሁድ እሁድ ከሰዓት፣ ኩን ቶንግ ሰፈር ያለ አሮጌ ፋብሪካ ፎቅ ላይ፣ ማንም የማያውቃቸውን የድሮ ኩንግፉ ፊልሞች ያሳያል። የዛሬው ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ወንድሜ እዚያ ውስጥ አለ፤ ለኩዋይ ግን አልነገርኩትም። ዋናዋ ተዋናይት ከጣሪያ መዝለል ስትፈራ፣ ቀሚሷን ለብሶና ዊግ አጥልቆ የሚዘለው እሱ ነበር፤ ካሜራው ጀርባውን ብቻ ነው የሚያሳየው። በዚያው ዓመት ሌላ ፊልም ሲሠራ ከቀርከሃ መወጣጫ ወድቆ ሞተ። ፎቶዎቹን ደግሞ ሰፈራችንን ያነደደው እሳት በላቸው። አሁን ዓይኔን ብጨፍን እንኳ ፊቱ አይመጣልኝም። እዚህ ፊልም ላይ ግን አንዴ ሲዘል ዊጉ ወልቆ ፊቱ ታይቷል፤ ኩባንያው ድሃ ስለነበር ደግመው አልቀረጹትም።

መብራቱ ጠፋ። ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች ከኋላዬ ይንሾካሾካሉ። ማሽኑ ይንቋቋል። አንዴ ስዕሉ ሲዘል ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ ጣሪያው መጣ። ቀይ ቀሚስ።

"አምስት! አራት! ሦስት!" ወጣቶቹ በአንድ ድምፅ መቁጠር ጀመሩ። ምን ነካቸው? ወንድሜ ዘለለ። ዊጉ በረረ። ፊቱ! አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ እማዬ ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ የያዘችው ዕለት እንደደነገጠው! አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ወዲያው ፊልሙ ተበጠሰና ሸራው ነጣ።

ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩ። "እናንተ ባለጌዎች! በሞተ ሰው ነው የምትስቁት? ወንድሜ ነው!"

ኩዋይ ከማሽኑ ክፍል አንገቱን ብቅ አደረገ። አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ተነሳች፤ ፊቷ ቀልቷል።

"አክስቴ፣ በናትሽ ይቅርታ አድርጊልን። እኛ እኮ የምንመጣው ለሱ ነው። ዋናዋን ማን ያያታል! ስንወደው ነው የምንስቀው። ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ስምንት ዓመታችን፤ የተዋናዮቹ ዝርዝር ላይ እንኳ የለም።" ደብተሯን ገለጠች። "ስሙ ማነው?"

እሱ ከሞተ ወዲህ ስሙን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ ቀደመኝ።

"ላው ዊንግቺው" አልኩ።

"ምን? ማን አለች?" አሉ ከኋላ ያልሰሙት። ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው።