ጓሮ ያለ መርዝ

እናኑ በዕድሜዋ የደረሳት የመጀመሪያ ደብዳቤ ከሳር መካከል ወጣ።

ጥቅምት በገባ በአራተኛው ቀን ነው። ጎረቤቷ ጋሸ ቢሆነኝ እንደ ልማዳቸው ከጓሯቸው ያጨዱትን ሳር በጆንያ ሞልተው በአጥሩ ቀዳዳ አሳልፈውላታል። በየሳምንቱ ይሰጧታል፤ እሷ ለላሟ ለቦቂት ትሰጣለች፤ ከቦቂት የሚታለበውን ደግሞ ልጇ ሀኒ ትጠጣለች። ሀኒ ሦስት ዓመቷ ነው። ከኩፍኝ ከተነሳች ገና ሁለት ሳምንቷ ሲሆን ከወተት በቀር ጉሮሮዋን የሚያልፍ ነገር የለም።

ጆንያውን ስትዘረግፈው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ፊደሉ ለልጅ እንደሚጻፍ ትልልቅ ነው። እናኑ ከአምና ጀምራ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ትቆጥራለች፤ ጋሸ ቢሆነኝም ያውቃሉ። ጆንያው ላይ ቁጢጥ አለችና በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች።

"ጓሮ... ያለ... መርዝ... ነው።"

"ያለ" የምትለዋን ቃል በደንብ ታውቃታለች። መምህርት መስከረም ሰሌዳው ላይ "ቤት ያለ ሰው" ብላ ጽፋ ሦስት ጊዜ አስነብባቸዋለች። ቤት ያለ ሰው፣ ማጀት ያለ ማሰሮ፣ ጓሮ ያለ መርዝ። ከዚያ ወዲህ ሀኒ ታመመችና እናኑ ከትምህርቱ ቀረች።

ቀና ስትል ቦቂት ምላሷን ዘርግታ የሳሩን ጫፍ ይዛለች። ቀንዷን ይዛ ገፋቻት። ላሚቱ የጎረሰችውን እያኘከች፣ ምን ነካሽ በሚል ዓይን ታያት ጀመር።

"ጋሸ ቢሆነኝ" ስትል ባጥሩ ተጣራች። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ያን ዕለት ማለዳ ወደ አዴት፣ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ መሄዳቸውን የሰማችው በኋላ ነው።

እናኑ ነገሩን ከመጀመሪያው አንስታ ትፈትል ጀመር። ከትናንት በስቲያ ጋሸ ቢሆነኝ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው፣ የመርጫ ፓምፕ አዝለው በደጃቸው፣ በመንገድ በኩል ባለው አጥር ሥር ያለውን አስተናግርና አሜከላ ሲረጩ አይታቸዋለች። "እንዴት አደሩ" ስትላቸው ዶሮ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን አወናጨፉባት። በስድስት ዓመት ጉርብትና እንዲህ አድርገዋት አያውቁም። ወደ ቤቷ ገባች፤ ነገር ግን ዋጠችው እንጂ አልረሳችውም።

ደግሞስ የሚነገረውን በአፍ መናገር ሲቻል መጻፍ ምን አመጣው? አፍ ያፈረውን ነው እጅ የሚጽፈው። ሰውየው ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የእርሻ ሠራተኛ ይሁኑ እንጂ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የገቡ ናቸው። "ዝናቡ ሄደ" ሲሉ ሰው ሄደ ማለታቸው ይሆናል፤ "አረሙን ነቀልኩት" ሲሉ ማንን እንደነቀሉ እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ። እናኑ ያችኑ አንድ መስመር ሰሟን ትታ ወርቋን ስትፈልግ ዋለች። ምንም ብትቆፍር ከመርዝ በታች ሌላ አላገኘችም።

ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ አየች። የጓሮው ሰርዶ እንደ ወትሮው ለምለም ነው፤ ግን ከጎኑ ያለው አረም፣ ጎርጠቡና ሙጃው፣ ጠውልጎ፣ እሳት እንደገረፈው ተኮማትሮ ተሰጥቷል።

ጉዳዩን ለሌላ ጎረቤቷ ለያምሮት ነገረቻት። ያምሮት ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ወረቀቱን ተቀብላ እንደሚያነብ ሰው ፊትና ጀርባውን ገላበጠችው።

"ቀለሙ ቀይ ነው" አለች።

"እስክሪብቶው ነው እንጂ።"

"ያው ነው። ኧረ እኔስ መጀመሪያም አላማረኝም። ለመሆኑ ሳር ተክሎ፣ ሳር ኮትኩቶ፣ ጤፍ የማይዘራ ሰው የት አየሽ?"

"ጓሮው እንዲያምር ብለው ነዋ።"

"ይመር። አምና ነሐሴ ላይ ቦቂት አጥሩን ጥሳ ያን ሰርዶ ስትጋጥባቸው ምን ነበር ያሉሽ?"

እናኑ አስታወሰች። ጋሸ ቢሆነኝ የተረገጠውን ሳር እያዩ፣ "ላምሽ አረሙን ትታ ዘሩን ትመርጣለች፤ ቀን አላትና ትጠብቅ" ብለው ስቀው ነበር። እሷም ስቃ ነበር። አሁን ሳቁ ተሟጦ "ቀን አላት" የምትለዋ ብቻ ቀረች።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለች ያምሮት ነጠላዋን እያጣፋች። "እኔ ምንም አላልሁም። ልጅሽን ጠብቂ ነው የምልሽ።"

እናኑ ሳሩን ተሸክማ ገደል አፋፍ ወሰደችው። የሰው ከብት እንዳይበላው ጉድጓድ ቆፍራ ቀብራ ድንጋይ ጫነችበት። ቦቂትን በደረቅ ገለባ አሰረቻት። ባሏ ታከለ ለበቆሎ ሥራ ሽንዲ ወርዷል፤ ስልኩ አይሰራም። ወረቀቱን መምህርት መስከረም ዘንድ ልውሰደው ብላ ሁለት ጊዜ ተነሳች፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰች። በማንበቧ አልተጠራጠረችም። ሌላ ሰው ካነበበው ክስ ይሆናል፤ ክስ ከሆነ ደግሞ ከእኚህ ሰው ጋር አንድ አጥር መጋራት አይቻልም። አንድ ነገር ይቀራታል፤ እሱም ሲመለሱ ዓይናቸውን እያየች መጠየቅ።

ቦቂት ከሳሩ ቀምሳለችና ጠዋትና ማታ እያለበች ወተቱን መሬት ላይ ደፋችው። ሀኒ ማድጋው ሥር ቁጭ ብላ ወተቱ ወደ አፈር ሲሰርግ ታያለች።

"እማ፣ ለኔስ?"

"ቆሽሿል፣ የኔ እናት።"

"አልቆሸሸም። ነጭ ነው።"

አጥሚት ሠራችላት፤ ልጅቱ በማንኪያው ጫፍ ቀምሳ ፊቷን አዞረች። ድመቲቱ መጥታ ከፈሰሰው ስትልስ እናኑ ልታባርራት ብላ ተወቻት። ማግስቱንም ድመቲቱ በጤና ዋለች። "ድመት ምን ያስታውቃል" ብላ እንደገና ደፋች። በሦስተኛው ቀን የሀኒ እጅ እንደ ገለባ ቀለለባት። በአራተኛው ቀን እሑድ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚያውቁት ሳል ተሰማ።

ጋሸ ቢሆነኝ ጓሯቸው ውስጥ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በአሮጌ ካቻቢቴ የጎርጠብ ሥር እየፈነቀሉ ነው። ሥሩን ነቅለው አፈሩን ካራገፉ በኋላ ወደ ላይ አድርገው ለፀሐይ ይሰጡታል።

"እናኑ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ሀኒዬስ?" አሉ ሳይነሱ። "ዝናቡ እንዳቆመ ዘሩን ሳይጥል ካልነቀሉት ለመጪው ክረምት ሰባት ወልዶ ይጠብቃል። ጉልበቴ እምቢ አለኝ እንጂ ደጁንም በእጄ እነቅለው ነበር።"

እናኑ ሰላምታውን አልመለሰችም። ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

"ያንብቡልኝ።"

"አላነበብሽውም? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው አሳጥሬ የጻፍሁት።"

"አንብቤዋለሁ። ከአፍዎ ልስማው።"

ሽማግሌው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ተቀበሏት፤ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው እንደ ቀላል ነገር አነበቡት። "ጓሮ፣ ያለ መርዝ ነው።"

እናኑ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። "ለ"ን ጠበቅ አላደረጓትም። እንደ ላባ ነክተዋት አለፉ።

"ይድገሙት።"

"ያለ መርዝ። መርዝ ሳይነካው፣ በእጄ የታረመ ነው ማለቴ። ደጁን ስረጭ አይተሽ ነበርና እንዳትሰጊ ብዬ። ነፋሱ ወደ አንቺ ቤት ሲነፍስ ግቢ ብዬም በእጄ ጠቆምኩሽ፤ አፌ ታስሮ ነበር።" ፊቷን አዩ። "አንቺስ ምን ብለሽ አነበብሽው?"

እናኑ መሬት መሬት እያየች "ለ"ን አጥብቃ ነገረቻቸው። ሳሩን መቅበሯን፣ ወተቱን መድፋቷን፣ ሀኒ አራት ቀን በአጥሚት መዋሏን ነገረቻቸው። ጋሸ ቢሆነኝ ካቻቢቴውን አስቀመጡ።

"ስድስት ዓመት" አሉ ቀስ ብለው። "በስድስት ዓመት ውስጥ መርዝ የምሰጥ መስዬ ታየሁሽ?"

"ቅኔ መስሎኝ ነው ጋሸ።"

"እኔ ቀለል ይበልላት ብዬ ሰሙንም ወርቁንም ትቼ ነው የጻፍሁት። ቅኔውን የፈታሽው አንቺ።" ሊስቁ ብለው ሳቁ አልመጣላቸውም። "ለማን ነገርሽ?"

"ለያምሮት።"

"እንግዲያውስ ወሬው ቡሬ ከተማ ደርሷል።"

ከጓሮው ሰርዶ ሁለት ዘለላ ቀነጠሱ፤ እየተመለከተቻቸው አኘኩት፤ ዋጡት። ከዚያ ማጭዳቸውን አንስተው፣ ወገባቸውን እየያዙ፣ አንድ ጆንያ አጭደው በአጥሩ አሳለፉላት። እናኑ ይቅር ይበሉኝ አለቻቸው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብለው ወደ አረማቸው ተመለሱ፤ ፊታቸው ግን ቶሎ አልዞረላትም።

ቦቂት ሳሩን በጉጉት ጨረሰችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናኑ አለበች፤ አፈላችው፤ አንድ ኩባያ መጀመሪያ እሷ ራሷ ጠጣች። ከዚያ ሆዷን እያዳመጠች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጥላው ከአጥሩ ተነስቶ እግሯ ድረስ እስኪመጣ ጠበቀች። ጥርጣሬ እንደ እንግጫ ነው፤ ቅጠሉ ቢነቀልም ሥሩ ውስጥ ይቀራል። ሀኒ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ አሟጣ ጠጣችው፤ ከንፈሯ ላይ ነጭ ጺም ወጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጆንያው ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበር። ይህኛው ረዘም ይላል። "እናኑ፣ በዚህ ሳር ላይ መርዝ የለበትም። ላሚቱ ትብላ።"

እናኑ "የለበትም" የምትለዋን አጥብቃ አነበበቻት። አላልታ አነበበቻት። እንደገና አጠበቀቻት። በየትም ብታዞራት አንድ ነገር ብቻ ትላለች። ያን ጊዜ ጆንያውን ቦቂት ፊት ዘረገፈችው።