እጅ የተፈቀደበት ጥግ

ታላቅ ወንድሟ የዓይኑን ብርሃን ካጣ ወዲህ ሙዚየም ገብቶ አያውቅም ነበር። እጁን ይዛ የወሰደችው እሷ ናት። የሙዚየም ጥናት ሁለተኛ ዲግሪዋን ገና መጀመሯ ስለነበር የምትማረውን ልታሳየው ጓጉታለች። ትልቁ የሸክላ እንስራ ፊት ሲደርሱ ወንድሟ እጁን ዘረጋ።

«ጌታው፣ አይነካም!» አለ ጥበቃው።

ወንድሟ እጁን ሰብስቦ ሳቀ። «ታዲያ የመጣሁት ላሸተው ነው?»

እሷ ግን አልሳቀችም።

ለመመረቂያ ሥራዋ በእጅ የሚታይ ዐውደ ርዕይ ላዘጋጅ ስትል፣ የሙዚየሙ ኃላፊ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ ቅርሱን የምንጠብቀው ከሰው እጅ ነው።»

«ዋናውን አላስነካም፤ አምሳያውን ነው።»

«ማን ይሠራልሻል?»

«እኔው!»

አፏ ቀደማት እንጂ ጭቃ አቡክታ አታውቅም። በዩኒቨርሲቲው የሸክላ መሥሪያ ክፍል ከሰዓት ከሰዓት ትለፋ ጀመር። የመጀመሪያው እንስራ እሳት ውስጥ ፈነዳ። የሁለተኛው ጆሮው ወለቀ። የክፍል ጓደኞቿ መሳቂያ አደረጓት። እናቷም ጥፍሯን አይተው «ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ጭቃ ልታቦኪ ነው?» አሏት።

«አዎ እማዬ፣ ለዚሁ ነው» አለችና እጇን ታጥባ ተመለሰች።

ሦስተኛው ቆመ። ኃላፊው ከዋናው ጎን አስቀምጠው ዞሩት፤ ዋናው አንገት ላይ ያለችው የጥንቷ ሸክላ ሠሪ የአውራ ጣት አሻራ ሳትቀር አምሳያው ላይ አገኟት።

«ከደረጃው ሥር ያለውን ጥግ ውሰጂ» አሉ በመጨረሻ።

«ጨለማ አይደለም እንዴ?» አለች ጓደኛዋ ስትሰማ።

«ጋሼን ምን ቸገረው!» አለች ወንድሟን አስባ።

በመክፈቻው ዕለት ወንድሟ እንስራውን ከሥሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ዳሰሰ። አንገቱ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«እዚህ ጋ ሠሪዋ ተጭናዋለች» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እጇ ትንሽ ነው።»

ከኋላው ዓይናቸው የሚያይ ሰዎች ተሰልፈው ነበርና አንዲት ሴት «ወንድሜ፣ ወረፋ አለ እኮ!» ብላ ሁሉንም አሳቀች።

ስትመረቅ እዚያው ሙዚየም ተቀጠረች። ሥራ በጀመረች በሳምንቱ ኃላፊው ቢሮ ገብታ ለሚዳሰሱ አምሳያዎች ባለመስኮቱን ሰፊ አዳራሽ ጠየቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ጥግ ሲሰጡሽ ቤት ልትይዢ ነው?»

«አዎ» አለች። ለአዳራሹ የሚሆነውን፣ ጎብኚ የሚዳስሰውን የከበሮ አምሳያ መሥራት ከጀመረች ሰነባብታለች።