የጠገበ ባትሪ

ኢስሃቅ ባትሪው ሲሞላ «ሞላ» አይልም፤ «ጠገበ» ነው የሚለው። ቃሉን ያስለመደው ልጁ ኡበይድ ነው። ኡበይድ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወጣውን ዓሣ በፍሪጅ እያቆየ ሐይቅ ከተማ ሊሸጥ አስቦ፣ ጣሪያውን በሶላር ሰሌዳ ሞላው። ፍሪጁን ሳይገዛ ጦርነቱ መጣና ኡበይድ ዘመተ። ያ ሁሉ ሰሌዳ ለአንድ ሽማግሌ ቀረ።

ጦርነቱ በመንደሩ አልፎ ሲሄድ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ። ኢስሃቅ ሚስቱን መሪማን ከቀበረ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያናግረው አልነበረም፤ አሁን ደግሞ የልጁ ድምፅ ተቋረጠበት። ኔትወርክ የተመለሰ ቀን ኡበይድ ደውሎ ስልኩ ዝግ ቢሆንበትስ? ይህን ፈርቶ ስልኩን ከገመዱ አይነቅልም። አምፖል አያበራም፣ ሬዲዮ አይከፍትም። ያን ሁሉ ፀሐይ ጣሪያው ላይ ተሸክሞ በጨለማ እራቱን ይበላል። ስስት በገንዘብ ብቻ የሚመስለው ሰው ኢስሃቅን አላየም።

አንድ ረፋድ ጎረቤቱ ማርያማዊት ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። የእሷም ልጅ አስረስ ዘምቷል።

«አያ ኢስሃቅ፣ እስቲ ይችን ሰካልኝ።»

«አልችልም እታለም። ባትሪው የኡበይድ ነው። ቢያልቅብኝስ?»

ማርያማዊት ግድግዳው ላይ የበራችውን አረንጓዴ መብራት አየች። «ይችስ ምንድን ናት?»

«ጠግቧል ማለት ናት።»

«ከጠገበ ወዲያ የሚመጣው ፀሐይ የት ይሄዳል?»

ኢስሃቅ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። የትም አይሄድም ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ወርዶ በከንቱ ይቀራል።

«የጠገበ፣ የተራበ ያለ አይመስለውም አሉ» አለችና ስልኳን መልሳ ቋጠረች።

ተረቱ ለባትሪው ይሁን ለእሱ አልለየለትም፤ ግን አፈረ። እስከ አጥሩ ተከተላት።

«በይ ነይ። እስኪጠግብ የኡበይድ፣ ከጠገበ ወዲያ የሰው ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ አረንጓዴዋ ስትበራ ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ የአሱር ሶላት ደርሶ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ኢስሃቅ ሁሉንም ይነቅላል፣ ከራሱ በቀር። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ከሰላምታ በፊት «ዛሬስ ጠገበ?» ይለዋል። ኔትወርክ በሌለበት አገር ስልክ መሙላት ሞኝነት ነው፤ ግን የሚጠብቀው የሌለው ሰው አልነበረም። ስልኩ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ያማል፣ ይስቃል። ኢስሃቅ ይህን ወደደው።

ኔትወርኩ የተመለሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ስልኮቹ ሁሉ ተሰክተው ባለቤቶቹ አዝመራ ላይ ሳሉ ነው። መጀመሪያ አንዱ ጮኸ፣ ከዚያ ሌላው። ኢስሃቅ ሌሎቹን እየዘለለ ወደ ራሱ ስልክ ሄደ። የእሱ ዝም ብሏል። የማተብ ክር የታሰረበት የማርያማዊት ስልክ ሲጮኽ አነሳው።

«እማዬ?»

«ኢስሃቅ ነኝ አስረስ። እናትህ ደህና ናት፣ አብሽር። ልጥራልህ።»

በአጥሩ ላይ ተጣራ። ማርያማዊት ማጭዷን ጥላ እየሮጠች መጣች፤ አለቀሰች፣ ሳቀች። ከዚያ የእሱን ስልክ አይታ ሳቋን ዋጠችው። «አያ ኢስሃቅ፣ ያንተስ?»

«ኢንሻ አላህ» አለ።

ብዙ ሳይቆይ መብራትም ተመለሰ። ሰው ሁሉ በየቤቱ ሰካ። አረንጓዴዋ ረፋድ ላይ እየበራች፣ የተረፈው ፀሐይ እንደ ድሮው ይባክናል። ብቸኝነቱ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ከፋበት፤ የሰው ድምፅ ለምዶ ነበርና። ኡበይድ አልደወለም።

አንድ ቀን ማርያማዊት ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች።

«ሰካልኝ።»

«እናንተ ቤት መብራት የለም እንዴ?»

«አለ።»

ስልኩን ተቀብሎ አየው። ሙሉ ነው።

«እታለም፣ ይሄ እኮ ጠግቧል።»

«ይጥገብ። አንተ ሰካው።»

ከራሱ ስልክ አጠገብ ሰካው። ማርያማዊት መደቡ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን አወጣች፤ እሱም ከጎኗ ተቀመጠ። ሁለቱም የኢስሃቅን ስልክ ይጠብቁ ጀመር።