የጃንዋሪ አንድ ልጆች

ሲስተር ፀገነት በየዓመቱ ባልተወለደችበት ቀን ኬክ ትቆርሳለች። ኬኩን የምትጋግረው የሥራ ባልደረባዋ ሲስተር ኖምፉንዶ ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አላጓደለችም። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ባለፈ ማግስት ሳህኑን በፎጣ ሸፍና የጆሃንስበርጉ አሌክሳንድራ ሰፈር ዳር ወዳለው ክሊኒካቸው ትመጣለች፤ ነርሶቹ በዙሉ ይዘፍናሉ፤ ፀገነትም ፈገግ ብላ ቢላዋውን ታነሳለች። እውነተኛ የልደት ቀኗን ግን ራሷም አታውቀውም።

በዘጠኝ ዓመቷ ከአክስቷ ጋር ጆሃንስበርግ ስትገባ፣ አክስቷ የምታውቀው ልጅቷ ክረምት ላይ መወለዷን ብቻ ነበር። የስደተኛ ወረቀት ለማውጣት ወረፋ ሲይዙ አስተርጓሚ ነኝ ባዩ ሰውዬ ጊዜ ማጥፋት አልፈለገም። «ጃንዋሪ አንድ በሉ» ብሎ ገላገላቸው። ያን ዕለት ወረፋው ላይ የቆመው ሐበሻ፣ ሽማግሌው ከሕፃኑ ሳይለይ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ተወለደ። ሌላው ሰው ይህን እየሳቀ ያወራዋል። ፀገነት ግን በዚያው የልደት ቀን ትምህርት ቤት ተመዝግባ፣ በዚያው የልደት ቀን የነርስነት ፈቃድ ካወጣች በኋላ፣ ነገሩ ሳቅ መሆኑ ቀርቶ የምትደብቀው ጉድ ሆነባት።

ክሊኒኩ የወረቀት ካርዱን ትቶ ወደ ኮምፒውተር ሊዞር ነው ተባለ። ሥራውን የያዙት ልጆች፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ «ነርሶቹን ሳንጠይቅ አንሠራም» አሉ። የተመረጠችው ፀገነት ነበረች። ወሬው በአንድ ቀን ሎኬሽን የሚሉትን የጥቁሮች ሰፈር አዳረሰው፤ በየሰፈሩ ሱቅ ያለው ሐበሻ ሁሉ «የኛ ልጅ ኮምፒውተሩን ልትሠራላቸው ነው» እያለ ኮራ። እሷም ኮራች፣ ለምን ይዋሻል።

ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ቴምባ የሚባለው ፕሮግራመር አንድ ጥያቄ አነሳ።

«ስማቸውም የልደት ቀናቸውም አንድ የሆነ ሁለት ካርዶች ሲገኙ፣ ሲስተሙ የአንድ ሰው ናቸው ብሎ ይቀላቅላቸዋል። ይሄ ሊያሳስተን ይችላል? የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ሲስተር።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ፀገነት ታውቃለች፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። መሳቢያዋ ጃንዋሪ አንድ በተወለዱ ሰዎች ካርድ ተሞልቷል፤ ሞክሼዎቹ እንዳይምታቱባት በየካርዱ ጥግ ሱቃቸውን በእርሳስ ትጽፋለች። ኤርጎጌ ዱካሞ፣ የታክሲ ማቆሚያው ሱቅ። ኤርጎጌ ዱካሞ፣ ከቸርቹ ጀርባ። ይህችኑ መናገር ነበር። ግን ብትናገር «የሐበሻ የልደት ቀን የውሸት ነው እንዴ? ያንቺስ?» መባሉ አይቀርም። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ኬኩም ትዝ አላት።

«ችግር የለውም» አለች።

ቴምባ ጻፈው። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን ያነሳው ሰው የለም።

ሲስተሙ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ የታክሲ ማቆሚያዋ ኤርጎጌ ጉሮሮዋን አሟት መጣች። የዚያን ቀን ፀገነት ዕረፍት ላይ ነበረች፤ ያከመቻት ኖምፉንዶ ናት። ኤርጎጌ ፔኒሲሊን አይስማማትም፤ ይህንንም ፀገነት በድሮው ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋላት ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ሁለቱን ኤርጎጌዎች አንድ አድርጎ፣ የሌላዋን «አለርጂ የለባትም» ለዚችም ሰጥቷታል። ኖምፉንዶ ያየችውን አምና የፔኒሲሊን ዘር የሆነውን አሞክሳሲሊን ሰጠቻት። ኤርጎጌ ቤቷ ገብታ አንዱን ዋጠች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቷ አባብጦ ትንፋሽ አጠራት። ባሏ ሽጉጤ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ በጎረቤት መኪና ሆስፒታል አደረሳት። ተረፈች። ኖምፉንዶ ግን ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገደች።

ፀገነት ስትመለስ ፋይሉን ከፈተችው። ኤርጎጌ ያልወለደቻቸው የሞክሼዋ መንታ ልጆች እናት ሆና ቁጭ ብላለች። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ወደ ሱቁ ሄደች። ሽጉጤ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ሆኖ «ሳውቦና፣ ማ» ብሎ በዙሉ ሰላም እያለ ለአንዲት ደንበኛ ዳቦ ያቀብላል። ሲያያት በሩን ከፍቶ አስገባት። ኤርጎጌ ከዘይት ካርቶኖቹ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኖቿ ገና አብጠዋል።

«ሲስተርዬ! ለኔ ብለሽ እዚህ ድረስ?»

«ነርሷ አለርጂ አለብሽ ወይ ብላ አልጠየቀችሽም?» አለች ፀገነት። ጥያቄው ከአፏ እንደወጣ ራሷን ጠላች፤ የመጣችው ጥፋቷን የምታራግፍበት ሰው ፍለጋ መሆኑ ገባት።

«ኧረ ጠይቃኛለች። እኔ ነኝ ኮምፒውተሩ ያውቃል ያልኳት። በፊትማ ካርዱን ሳላሳይ መቼ መድኃኒት እወስዳለሁ? አሁን ግን የሠራሽው አንቺ ነሽ አይደል? አንቺ እያለሽበት እኔን አይረሳኝም ብዬ ነው።»

ፀገነት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ኤርጎጌ ጭራሽ «ለስላሳ ክፈትላት እንጂ» ብላ ባሏን ተቆጣችው። ፀገነት ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ዝም ስትል ይህ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ለስላሳውን ሳትቀምሰው ወጣች።

ዓርብ ዕለት የኖምፉንዶ ጉዳይ ሊታይ ሜትሮኗ ቢሮ ተሰበሰቡ። ፀገነት የተጠራችው ሲስተሙ እንከን እንደሌለው እንድትመሰክር ነበር። ኖምፉንዶ ዩኒፎርሟን ሳትለብስ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ፀገነት። ድምጿ ለራሷም አልተሰማት፤ ደገመችው። «ቴምባ ሲጠይቀኝ አውቅ ነበር። የኛ ሰው ግማሹ በወረቀት ላይ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለደው። እኔም ጭምር። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

የድሮ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። ቴምባ አንዱን አንስቶ በእርሳስ የተጻፈውን አየ።

«ያኔ ይቺን ብታሳዪኝ ለሱቁ ስም አንድ መሙያ ሳጥን ነበር የምጨምረው» አለ። በድምፁ ቁጣ አልነበረም፤ እሷንም የባሰ ያሳፈራት ይኸው ነው።

ሜትሮኗ የቃል መስጫ ቅጽ አንስታ ወደ እሷ ገፋችላት። ፀገነት ስሟን ጻፈች። ቀጥሎ የልደት ቀን ይላል። እጇ እንደ ልማዱ 1 ቁጥርን ጀመረ፤ ሰረዘችው። «አላውቅም» ብላ ጻፈች።

ኖምፉንዶ ከጥጉ ተነስታ በፀገነት ትከሻ በኩል አነበበችው።

«ሲሲ፣ እህቴ» አለቻት፤ «የፈለግሽውን ቀን ብትነግሪኝ በዚያው ቀን እጋግርልሽ ነበር እኮ።»

ከዚያም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።