ክብ፣ ጠቆር ያለ፣ ለአራት ሰው

ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሁኔታው ይህን ይመስል ነበር። ወደ ትልቁ ከተማ ለዕረፍት ከመጣን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴና አማቴ። እስከዚያች ደቂቃ በአሥራ ዘጠኝ ምግብ ቤቶች በር ላይ ቆመን በአንዱም አልበላንም። ሁለቱን ቀናት የገፋናቸው ከቤት በያዝነው ብስኩትና መንገድ ላይ በገዛነው ሙዝ ነው። አማቴ ከጠዋት ጀምሮ የቀመሱት አንድ ብርጭቆ ሻይና ግማሽ ዳቦ ነበር። ሌላውን ግማሽ የበላሁት እኔ ነኝ።

ጥፋቱ የሥራዬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የነጋዴ ሚዛን ስመረምር ኖሬያለሁ። ኪሎው በእርግጥ ኪሎ መሆኑን ሲጠይቅ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ያገኘው ቦታ ዘው ብሎ አይበላም። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት ሰባት መመዘኛዎች አዘጋጅቼ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ። ጠረጴዛው መነቃነቅ የለበትም። ቢያንስ ሦስት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው እየበሉ መሆን አለባቸው፤ ቀና ብሎ ወሬ የሚያወራ ሰው ምግቡ አልጣመውም ማለት ነው። ዝንብ፣ የአስተናጋጅ ጥፍር፣ የዘይት ሽታ፣ መስተንግዶና የግድግዳ ሰዓትም የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው። አንዱን ቤት የጣልኩት የግድግዳ ሰዓቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ ስለቀረ ነው። በሌላው ደግሞ ወጥ ቤቱ ራሱ ከጎረቤት ሳንዱች አስመጥቶ ሲበላ ደረስኩበት።

«ስማ ሚዛኑ» አሉኝ አማቴ። ሲናደዱ ነው እንዲህ የሚሉኝ። «እኔ ከተማ መጣሁ እንጂ ሱባዔ አልገባሁም። ዛሬ ምሳዬን እንደ ሰው ተቀምጬ ካልበላሁ፣ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ቤቴ!»

«እማማ፣ እስከ ቅዳሜ እኮ ነው ያሰብነው።»

«እስከ ቅዳሜማ በቃሬዛ ነው የምትመልሰኝ።»

ባለቤቴ እናቷን ለዚህ ጉዞ ለማሳመን ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። ዞር ብላ አየችኝ።

ያን ጊዜ ነው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት ያየሁት። መስታወቱ ንጹሕ ነው። ከመስታወቱ ኋላ ሰፋ ሰፋ ብለው የተዘረጉ ጠረጴዛዎች ይታያሉ፤ ዘጠኝ ቆጠርኩ። በአንዱ ላይ ሦስት ሰዎች፣ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች፣ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። ዝንብ የለም። አማቴንና ባለቤቴን አስከትዬ ገብቼ የመጀመሪያውን ጠረጴዛ በሁለት እጄ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ የቆመ ጠረጴዛ በምግብ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም።

«እንብላ!» አለ ከሚበሉት አንዱ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ሰው።

እንግዳ ሲደርስ በሚበላ ሰው አፍ «እንብላ» ማለት «ደህና ዋላችሁ» እንደ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። መልሱም «ብሉ፣ ብሉ» ነው። ግን አስተናጋጅ ሲለው ሰምቼ ስለማላውቅ መስተንግዶ በሚለው ሥር ሙሉ ነጥብ ሰጠሁና «እንበላለን፤ ለዚሁ ነው የመጣነው!» አልኩ።

ሴትየዋ አፏን እየጠረገች ተነሣች። የቤቱ ባለቤት እሷ መሆኗ ያስታውቃል።

«ለስንት ሰው ይሁንላችሁ?»

«ለሦስት።»

«ለሦስት የለንም፤ ከአራት ነው የሚጀምረው።»

«ለአራት ይሁና» አሉ አማቴ ቶሎ ብለው። «ቢተርፍ ይሻላል።»

«ክብ ነው ወይስ ረዘም ያለ?»

ዳቦ መሰለኝ። «ክብ።»

«ነጣ ያለ ወይስ ጠቆር ያለ?»

«ጠቆር ያለው ይሁንልኝ ልጄ፤ ለሆድ እሱ ነው የሚስማማው» አሉ አማቴ።

ሴትየዋ ለአፍታ አሰበች። «ልክ ነዎት፤ ጠቆር ያለው ደግሞ እድፍም አያሳይም።»

አማቴ ወደ እኔ ዞረው ቅንድባቸውን ሰቀሉ። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

«ትኩስ ነው?» ስል ጠየቅኩ።

«ባለፈው ሳምንት የተሠራ ነው፤ የቀለሙ ሽታ ራሱ ገና አልጠፋለትም። አይስጉ፣ ሃያ ዓመት ይቀመጣል። ልጆች ቢዘሉበት እንኳ ምንም አይሆንም።»

«ማነው ልጆቹን የሚያዘልልበት?» አሉ አማቴ።

«መቼ ይደርሳል?» አልኩ ነገሩን ለማሳጠር።

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ!» አማቴ በአቅራቢያቸው ያለውን ወንበር ያዙ። «እኔ እኮ የነገን ጀንበር ማየቴንም እንጃ!»

«ኧረ እማማ፣ ከቸኮላችሁ ያለውን አሁኑኑ እንሰጣችኋለን። እግሩን ነቅለን ለብቻው እናስረዋለን፣ እናንተ ቤት ስትደርሱ ትገጥሙታላችሁ።»

«እግር ከሆነስ ይቅርብኝ» አሉ አማቴ። «ቅባት የበዛበት ነገር ሐኪም ከልክሎኛል።»

ባለቤቴ በዚህ መሀል እናቷ ከያዙት ወንበር ጀርባ ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ የዋጋ ወረቀት አንሥታ አነበበች። ከዚያ የሚቀጥለውን ወንበር አየች። ከዚያ አፏን በሻርፗ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አንተ» አለችኝ እንደ ምንም፣ «የቤት ዕቃ መሸጫ ነው እኮ!»

መዝገቡ ትክክል እንዲሆን ያህል እናገራለሁ፤ ቤቱ ስድስቱን መመዘኛዎች አሟልቷል፤ ሰባተኛው የሰዓት ጉዳይ ሲሆን ሰዓት አልነበረውም። ምግብ ቤት መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ መመዘኛ ግን አልጻፍኩም ነበር።

ባለ እርሳሱ፣ አናጺው እሱ ነው፣ ሳቁ ከጎረሰው ድንች ጋር ተጋጭቶ ትን አለው። ጓደኛው ጀርባውን መታለት። ባለሱቋ ከሳቋ ስትመለስ እንባዋን ጠረገች። አማቴ ግን አልሳቁም። ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አስገቡ።

«በሉ፣ የሰው ምሳ አታቀዝቅዙ። እንሂድ። ልብሴን ላሰናዳ።»

«ወዴት?» አለ አናጺው ጉሮሮው ሲከፈት። «እንብላ ብዬ የለም እንዴ?»

«ብሉ፣ ብሉ ልጄ፣ እኔ በልቻለሁ።»

ይህን ባሉበት ቅጽበት ሆዳቸው ጮኸ። አጭር ጩኸት አልነበረም፤ አራት ሰከንድ ያህል ቆይቷል።

«እርስዎ በልተዋል» አለ አናጺው፣ «ሆድዎ ግን ወሬው አልደረሰውም።»

«በሞቴ እማማ! በቆመ ሰው ፊት አልበላም!» ብላ ባለሱቋ ወንበር ሳበች።

«አይ እንግዲህ… እንዳላስቀይማችሁ ብዬ ነው እንጂ» አሉ አማቴ፤ ሲናገሩም ተቀምጠው ነበር።

ከትልቅ ድስት የተቀቀለ ምስር፣ በሽንኩርት የተጠበሰ ድንችና ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ቀረበ። ዳቦው ክብ ነበር፤ ጠቆርም ይል ነበር። አማቴ አንገታቸውን ደፉ። ባለቤቴ ከጎናቸው ተቀመጠች። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ደብተሬን ኪሴ ከተትኩና የድንቹን ዘይት ሳላሸት በላሁ።

ሁለተኛ ሰሃን ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። ባልና ሚስት ናቸው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ሰውየው የአማቴን አጎራረስ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ሲያይ እንደ ነበር አስተውያለሁ።

«ነፃ ጠረጴዛ አለ?»

ባለሱቋ ጠቅላላ ነገሩን ልታስረዳ አፏን ስትከፍት አማቴ ቀደሟት።

«ነፃስ የለም፤ የሚሸጥ ነው ያለው። ምግብ ቤት መስሏችሁ ነው አይደል? አይዟችሁ፣ ከእናንተ የባሰ እዚህ አለ» ብለው በማንኪያቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ግን ቤታችሁ ጠረጴዛ አላችሁ?»

«ገና ነን» አለች ሴቲቱ አፍራ።

«ታዲያ ምን ላይ ትበላላችሁ? አልጋ ላይ?»

ባልየው ጣራውን አየ።

«በሉ ኑ፣ ይህን ግፉት። ጠንከር አድርገህ ግፋው እንጂ፣ ወንድ አይደለህም? አየህ? ንቅንቅ አይልም። እኔ ሁለት ሰሃን በልቼበት ነው የምነግርህ። ጠቆር ያለውን ውሰዱ፤ እድፍ አያሳይም!»

በሃያ ደቂቃ ውስጥ አናጺው እጁን ታጥቦ የጠረጴዛ እግር ይነቅል ነበር።

ስንወጣ ባለሱቋ አማቴን እስከ በሩ ሸኘቻቸውና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እማማ፣ ነገ በስድስት ሰዓት ብቅ ቢሉስ? መስታወቱ አጠገብ አስቀምጥዎታለሁ» አለቻቸው።

«ነገማ አውቶቡስ…» ብለው ቆም አሉ። «ምንድነው የሚሠራው?»

«ሩዝ በካሮት።»

አማቴ ልጃቸውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ እኔን ዘለሉኝ።

«ካሮቱ ደቀቅ ይበል» አሉ።

እስከ ቅዳሜ ቆዩ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ በዚያ መስታወት አጠገብ አራት ጊዜ ምሳ በሉ፤ በእነዚሁ ቀናት ሦስት ጠረጴዛና አሥራ አራት ወንበር ተሸጠ። በአራቱ ምሳዎች ከአማቴ ሰሃን ላይ የተረፈው በድምሩ ዘጠኝ ግራም ሲሆን እሱም የሎሚ ፍሬና አንድ የቃሪያ ጭራ ነው።